ቀዳዳ

ወንድሜ ከደሴ ይደውላል ማታ፣
ጋቢ ላይ ጋቢውን ደርቦ በደስታ፤
"ቢምቢ ጦሳን አልፋ የት ታውቅና ልትመጣ!
ሐረጎን ተሻገር፣ ወደ ላይ ና፣ ውጣ።"

እኔ ግን እዚሁ ነኝ፣ ከቦርከና አጠገብ፣
ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ፣ ጎማ ጎማ ስደርብ።
የኋላው ጓሮዬ የጎማ ክምር ነው፣
የሲኖ፣ የአይሱዙ፣ የባጃጅ፣ ያረጀው፤
ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ ሲሞላው
ማን ልብ ብሎታል? ጎማ ነው፣ ምን አለው?

ሌሊት መብራት ሲጠፋ ትመጣለች እሷ፣
ክር በምታህል ድምፅ፣ ጆሮዬ ላይ ለቅሶዋ፤
በጨለማ ጥፊ ራሴን እመታለሁ፣
ጉንጬ ሲግል ያድራል፣ እሷን አጣታለሁ።

ማክሰኞ ሉባባ፣ የጤና ባለሙያዋ፣
ነጭ ጭልፋ ይዛ መጣች ከነቦርሳዋ፤
ካንዱ ጎማ ሆድ ውስጥ ቀድታ አሳየችኝ፦
የሚወራጭ ትል ነው! ቆዳዬን በላኝ።

"አሳዳጊያቸው አንተ ነህ፣ ጎሚስታው፤
ሳምንት ሲሞላው ክንፍ ነው የሚያወጣው።
ወንዱ እንኳ አይነክስም፣ አበባ ልሶ ያድራል፤
ሴቷ ናት የምትወጋህ፣ ደምህ ዕንቁላል ያፈራል።
ትንፋሽህ፣ ላብህ ነው መንገድ የሚመራት፤
እብጠቱም ከምራቋ ነው፣ ጥርስማ የላት።
አትከከው፣ በሳሙና እጠበው" አለችና ሄደች።
ሚስቴ ዘሐራ፣ ሰባት ወሯ፣ ደጃፉ ላይ ቆማ ሰማች፤
"ለልጅ ብላ ነው እንዴ?" አለች፤ አዘነችላት።

እኔ አላዘንሁም።
ግን ክንዴን እያከክሁ (አትከከው ብላኝ ነበር)
ነገሩን አሰብሁት።

ሀያ ዓመት ሙሉ ቀዳዳ ደፈንሁ፤
ሚስማር የበላውን በሙጫ፣ በእሳት ጠገንሁ፤
ዛሬ ግን መሰርሰሪያ አነሳሁ፣
ደህናውን ጎማ በሳሁ።
አንዱን ሦስት ቦታ፣ አንዱን አራት፤
ውሃው ተንዠቀዠቀ፣ ትሉ ቀረ ፀሐይ ላይ፣ አፈር ላይ፣ ሲወራጭ ለአንዳፍታ።
ጎረቤቴ ያሲን "አበደ" ብሎ ሳቀ።

ከዚያ አጎበሩን፣ አምና የታደለንን፣
ለቲማቲም ችግኝ ጥላ ያደረግነውን፣
ገፍፌ አጠብሁት፣ በጥላ አደረቅሁት።
ቀዳዳው ሲቆጠር አስራ ሰባት ሆነ፤
የሲኖ ጎማ የሚያነሳ ጣቴ
ከመርፌ ጋር ሲታገል መሸ፣ ባከነ።

ሌሊት ደግሞ መጣች። ዞረች። ዘፈነች።
አስራ ሰባቱንም አንድ በአንድ ዳሰሰች።
እኔም ከውስጥ ሆኜ፣ ከዘሐራ ሆድ ጎን፣
ጣቴን በጨለማ እያስኬድሁ ጨርቁን፣
አስራ ስምንተኛ ካለ
ከእሷ ልቅደም አልሁ።