ሐረግ

ሙሴ ፎቲስ ልጅ የለውም።
ሐረጉን ለሚጠይቀው ሰው አይቆጣም፣ አያፍርም፤
ክንዱን ይዞት ወደ ጓሮ፣
ከኖራው ግድግዳ ሥር፣ ካሮጌው የውሃ በርሜል ዞሮ፣
የሰው ጭን ያከለ የወይን ግንድ ያሳየዋል፤
«ይኼው ሐረጌ» ይለዋል።

የከዚራ አፈር አሸዋ ነው፤ አሸዋ ደግሞ አይታመንም፣
የሰጡትን ውሃ ሁሉ ይጠጣል፣ ጠጣሁ ብሎ አይመሰክርም።
እና ፎቲስ፣ ባቡር ነጂው፣
ፈንታሌ ሥር ሐዲዱ የጥቁሩን ድንጋይ ምድር ሲያቋርጠው፣
እሳት ቀልጦ፣ ፈስሶ፣ ደርቆ እንደ ከሰል የቀረበት፣
ፍየል እንኳ ሰኮናዋን ቆጥራ የምትረግጥበት፣
ባቡሩን ያቆማል።
መዝገቡ ላይ «ግመል» ብሎ ይጽፋል።
ከድንጋዩ ሥር የደቀቀውን አፈር በጆንያ ይጭናል።
አርባ ጉዞ፣ አርባ ጆንያ፤
በመዝገቡ አርባ ግመል፣ አንድም ያልሞተ።

ፍሬን የሚይዘው ሮብሌ ነበር።
ሮብሌ ወይን አይቀምስም፣ ሃይማኖቱ አይፈቅድም፤
«ጉድጓድ መቆፈርን ግን» ይላል፣ «ማንም አልከለከለኝም።»
በቁመቱ ልክ ቆፈረ፣ ጆንያውን አንድ ባንድ ዘረገፈ፣
ከድሬ ሆድ ውስጥ የመተሐራን እሳት ቀብሮ አረፈ።

ፎቲስ ሄደ። ቀኑን የሚያውቅ የለም፤
ቁልፉን ከበርሜሉ ሥር ትቶ ነው።
ቤቱ የቀበሌ ሆነ፣ ላምስት አባወራ ተሸነሸነ፤
በር በሩ ላይ ቁጥር ተጻፈ፣
ሐረጉ ሳይቆጠር አለፈ።
ደቻቱ በሌሊት መጥቶ የጓሮውን ግንብ በላ፣
የኔን አልጋ፣ የጎረቤቴን በግ፣ የልጆቹን ደብተር ጠቅልሎ በላ፤
ጠዋት ጭቃውን በአካፋ ስንዝቅ
ግንዱ ቆሟል።
ሥሩ ከጥቁሩ አፈር ውስጥ ጥርሱን ነክሶ ነበር።
ቀጥሎ ባቡሩ ቀረ። ሐዲዱ ላይ ፍየሎች ያመሰኳሉ።

ያረጀ ሐረግ ስስታም ነው፤
ዘለላው ትንሽ፣ ፍሬው ጠጠር፣
ልጣጩ ወፍራም፣ ጭማቂው እንደ ጽሕፈት ቀለም ጥቁር።
ድሮ ገንቦ የሞላው ዛሬ ሦስት ጠርሙስ ቢወጣው ነው።
ወጣት ወይን ወሬኛ ነው፣ ያለውን ባንዴ ይዘረግፋል፤
ይኼኛው አፉን ከፍቶ
ቃሉን ሳይጨርስ ያሳድራል።

ኅዳር ገብቶ ሙቀቱ ጋብ ሲል አንዱን ጠርሙስ እከፍታለሁ።
ሮብሌ በከዘራው ይመጣል።
ለሱ ሻይ በቅርንፉድ፣ ለኔ ብርጭቆ።
ብርጭቆዬን ተቀብሎ ያሸታል፣ ከከንፈሩ አያደርሰውም፤
ይመልስልኛል።
«ተናኜ፣ ምን ይላል?»

ካቻምና «ዝናብ የነካው አቧራ» አልኩት።
አምና «የጋለ ብረት።»
ዘንድሮ ዝም አልኩ። ምላሴ ሥር
አንድ የሚሞቅ ነገር፣ ገና ያልበረደ ድንጋይ፣
በዝግታ መንከባለል ጀመረ።

«ምን ይላል?»
«መተሐራ ደርሷል» አልኩት።

ሮብሌ አልሳቀም።
ቀኝ እጁ ከጠረጴዛው ጠርዝ ተነሳ፣
አየሩን ጨበጠ፣
ወደ ራሱ ሳበ፣
ቀስ፣
ቀስ አርጎ፣
ጆንያው እስኪሞላ ያዘው።