እንቁላል በእግሩ

ከመቐለ የመጣው በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልሎ፣
ጎይትኦም ነው የላከልኝ፣ «ለጉልበትህ» ብሎ።
ከጣሃ ደጅ ፈታሁት፣ ሰኔ ዝናቡን አዝሎ።

ጣሃ አባ ዲጋ ብረቱን አየና ሳቀ፤
ወደ ብርሃን አንስቶ በመሀሉ አጮለቀ።
«ዘውገ፣ ይሄ እኮ ተጨፍልቋል! መኪና ሄዶበት?
ሠላሳ ዓመት ጠማማ ሳቀና፣ ዛሬ ጠማማ ልሰካበት?»

አልተጨፈለቀም አልኩት፤ ሲሠራም ሞላላ ነው።
«እንቁላል በለኛ!» አለ።
«ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲሉ ሰምቻለሁ እኔ፣
በሰው እግር ሲሄድ ግን ገና ላየው ነው በዓይኔ።»

እኔ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፤ ቁጥር ነው እንጀራዬ፤
ከሂርማታ እስከ ጅሬን አናት፣ መዝገቤ ከኋላዬ።
የጅሬንን አቀበት በብስክሌት የወጣ ያውቃታል፦
አንዱ እግር ከላይ ሲደርስ፣ ሌላው ከታች ሲቀር፣
አንዲት ቅጽበት አለች፣ መግፋትም መሳብም የሌለባት፣
ጉልበቴ ውስጥ አሸዋ የሚፈጭባት።
ሐኪሙ «ዕድሜ ነው» አለኝ፤ ጎይትኦም ግን ስም አወጣላት፦
«የሞተች ነጥብ ናት፤ ቶሎ ነው የምታልፋት።»

ጣሃ ካቴናውን አውልቆ በነጭ ጋዝ ሳህን አስተኛው፤
የፔዳሉን ክንድ በመንቀያ እያቃሰተ ፈታው።
አምስት ብሎን። አራቱ ወጡ። አምስተኛው እንቢ አለ፤
ግራሶ ቀባው፣ ሰደበው፣ በቢስሚላህ ታገለ፤
ክቡን ጥርስ አወረደ፣ ሞላላውን ሰቀለ።

በማግስቱ ወጣሁ።
ብስክሌቱ ከሥሬ እንደ ክፉ በቅሎ ይረግጣል፤
ለስልሶ ማለፍ ባለበት ቦታ ጭራሽ ይከብዳል።
ያ አሸዋ ጠጠር ሆነ።
አቀበቱን ሳላጋምስ ወርጄ በእጄ እየገፋሁ፣
«ጋሼ ብስክሌቱን ያናፍሳል!» ሲሉ ልጆቹን ሰማሁ።

«አላልኩህም?» አለ ጣሃ። «እንቁላል መቼ ጎማ ሆነ?»
የእህቱ ልጅ ሙዘይን፣ ከትምህርት ቤት መልስ ደብተሩን እንደያዘ፣
ተንበርክኮ ግራሶውን በአውራ ጣቱ ጠረገ፤
«አጎቴ፣ ይቺስ ምንድን ናት?»
ነጥብ ናት። የተልባ ፍሬ የምታህል፣ ብረቱ ላይ የተወቀረች፣
ከክንዱ ጀርባ መደበቅ ሲኖርባት
አደባባይ የወጣች።

ጣሃ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።
ነጥቧን አየ። ልጁን አየ። እኔን አላየኝም።
ይቅርታም አላለኝም።
ብሎኖቹን መፍታት ጀመረ።
አዙሮ ነጥቧን ከክንዱ ጀርባ ሸሸጋት፣
የካቴናውን መሪ በጥፍር ያህል ከፍ አደረጋት።
ዋጋ ስጠይቀው፣ «የትናንቱ ይበቃል» አለ፣ ዝናቡን እያየ።

አሁን ስወጣ አሸዋው የለም አልልም፤ አለ፤
ግን ለመፍጨት ጊዜ አጣ።
እግሬ ከላይ ይደርሳል፣ ያልፋል፤ ብርታት ባለበት ይጠብቃል፣
በደከመበት ቶሎ ይለቀዋል።
ቁልቁል ሳይ ካቴናው ከፍ ዝቅ ይላል፣ እንደተኛ ሰው ደረት።
ስንት ዓመት ክቡን አምኜ ኖርኩ፣
ከብርቱውም ከደካማውም እኩል የሚጠይቀውን!
ትክክል ነበር፣ ምን ይወጣለታል፤
ይሄ ጠማማው ግን ሰው ያውቃል።

ጅሬን አናት ላይ፣ ከመጨረሻው ግቢ፣
የቆጣሪውን ክዳን አንስቼ ጭቃውን ጠረግሁ፤
ትንሿ ቀይ መርፌ ትዞራለች፣
ድፍን ክብ፣ ያለ አንዳች እንከን።
ለውሃ ይሁን። ውሃ ጉልበት አያመውም።

አሮጌውን ክብ ጥርስ ጣሃ እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም፤
ከበሩ ጉበን በሽቦ አንጠልጥሎታል።
ምሳ ሲደርስ ሙዘይን በብሎን ይመታዋል፤
ከአጂፕ ማዶ ድረስ ይሰማል።