ባዶም ቁጥር ነው

ጥር ነው፤ ገና አልነጋም፤ ከዚራ እንደተኛች
የፉአድ ሚኒባስ ሁለቴ አነጠሰች።
ጋሽ ዩያ ከፊት ነው፣ ካፖርቱን ቆልፎ፣
የርቀት መነጽሩን እንደ ሕፃን አቅፎ፤
እኔ ከኋላ ነኝ፣ ደብተሩን ይዣለሁ፣
እሱ የሚያየውን እኔ እጽፍለታለሁ።

ውላችን ይህ ነበር። ዘንድሮ ግን ሞራ
ቀኝ ዓይኑን ጨርሶ ተሻገረ ግራ፤
ለማንም አልነገረ፣ ለኔም አልነገረኝ፤
ደረጃ ሲስት አየሁ፣ ዝም ማለት አማረኝ።

ደንገጎን ስንወጣ ጆሯችን ደነቆረ፣
የድሬ ሙቀት ከታች ጠምዛዛው ላይ ቀረ።
ሐረማያ። ጭጋግ። የጫት ማሳ ጠርዙ።
የውኃ ሞተር ቆሟል፣ ቱቦው ብቻ ጓዙ።
ከዚያ ወዲያ ሐይቁ።

«ምን አለ?» አለኝ፣ መነጽሩን አንስቶ
ወደ ባዶው ሰማይ፣ አቅጣጫውን ስቶ።
ክርኑን ይዤ ዝቅ አደረግኩት በቀስታ፤
«አለ» አልኩት፣ «አለ፤ ቆየኝ ላንድ አፍታ።
እግሩ ረጅም፣ ቀይ ነው፤ ሆዱ ነጭ፣ ክንፉ ጥቁር፣
ሰው የሚያዝ ይመስላል፣ ሲራመድ በቁጥር።»
«ሼፍ ደ ጋሩ ነው ያ! ስንት ናቸው?»
«ሰባት።»
«ጻፊ።»
«ሌላ ደግሞ፣ ትንሽ፣ ጭቃውን ቶሎ ቶሎ
በምንቃሩ ይበሳል፣ አጎንብሶ፣ ቸኩሎ።»
ሳቀ። «ቲኬት ቆራጭ! ከኔ ጋር የሠራ፣
ከድሬ እስከ ጅቡቲ፣ በሌሊቱ ተራ።»

ፍሬን ያዥ ነበረ ጋሽ ዩያ በዘመኑ።
ጅቡቲ ዕቃ እስኪጫን ሲረዝምበት ቀኑ
ከወደቡ ርቆ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ማልዶ፣
እነዚህን ያይ ነበር እርጥቡ አሸዋ ሄዶ።
ስማቸውን ሚነግረው አንድም ሰው ቢታጣ
ከባቡር ሰዎች ስም እየተዋሰ አወጣ።

ከዚያ ባቡሩ ቆመ።
ከዚያ ሐይቁ ደረቀ።
ጀልባው ሣር በቀለበት፤ ልጆች ጎል ተከሉበት፤
ድንች ተዘራበት፤ ከብቶች ተሻገሩበት።
ጋሽ ዩያ ግን በየጥሩ፣ ልክ በዚችው ማለዳ፣
ይመጣል፣ ይቆማል በተሰነጠቀው ሜዳ።
ደብተሩን ገለጥኩት፦
ጥር ሰባት፣ ዜሮ። ጥር ዘጠኝ፣ ዜሮ። ጥር ሰባት፣
ዜሮ። ከጎኑ አንዴ፦ «ንፋስ። አንድ ቁራ፣ ምናልባት።»

«ፍላሚንጎስ?» አለ። ድምፁ ቀጠነ።
ዳር እስከ ዳር አየሁ፤ ጭጋጉ በነነ፤
አንድም የለም። ምላሴ ላይ ግን ነበሩ፦
መቶ ልበል? ሁለት መቶ? ማን ያውቃል ቁጥሩ?
የሚመሰክርብኝ ዓይኑ ብቻ ነበረ፣
እሱም ከመስከረም ወዲህ ምስክርነቱ ቀረ።
«የለም።»
«የለም?»
«የለም፣ ጋሼ።»
«ጻፊያ!
ባዶም ቁጥር ነው፤ አይደለም መሰረዣ፣ ማጥፊያ።
ነገ የሚመጣው ሰው ‹መጡ› ብሎ የሚደነቀው
ያልመጡበት ቀን ተጽፎ ከጠበቀው።»
ጻፍኩ። ዜሮ። ትልቅ፣ ክብ።

ፉአድ ጥሩንባ ነፋ፣ ቁርሱ ርቆበት።
ልንሄድ ስንል ከደንገሉ ጀርባ ሦስት ጊዜ ፉጨት፤
እኔ ምንም አላየሁ። እሱ ካፖርቴን ጎተተ፦
«ፊሽካ ነፊው! ሊነሳ ነው! ስሚው፣ ያው ከተተ!»
«የት?» አልኩት፣ እኔ፣ ባለ ሁለት ዓይኗ።
ጣቱን ቀሰረ፤ ከጣቱ ጫፍ ከሸምበቆው
ነጭ ጀርባ ተነሣ፣ ውኃውን ሳይነካው።

«አንዱን እኔ ልጻፍ» ብሎ ብዕሩን ነጠቀኝ።
መስመሩን ሳተና
የኔ ዜሮ መሀል፣ እንደ ምሰሶ፣ አቆመው።

እንዲሁ አለ። አላረምኩትም።