ደረሰኝ

ከሱፍ ቆሎ ሱቁ በላይ፣ አፉላ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
የጫማ ካርቶን ታቅፌ ተራዬን ስጠባበቅ፣
ጋሊና ጠራችኝ፤ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ አወረደች፣
“የዓመት ወጪህ ይኼ ነው?” ብላ ካርቶኑን ገለበጠች።

ሴራሚክ አንጣፊ ነኝ፤ ስሜ ስንሻው ይባላል፤
ከቤት ሸአን እስከ ሐዴራ ወለሌ ይመሰክራል።
ሠራተኛዬም እኔ፣ አለቃዬም እኔው ነኝ፤
ራሴን በራሴ ስቆጣ ማንም የለ የሚገላግለኝ።

“ይኼ ምንድን ነው?” አለች ከክምሩ አንዱን መዛ።
“የሱፍ ቆሎ ነው” አልኳት፣ “ለሥራ ተብሎ የተገዛ።
ማጣበቂያው እስኪደርቅ ሰዓቱ በምን ይለካል?
ሁለት እፍኝ ፈልፍዬ ስጨርስ፣ ያኔ ይይዛል።”
“ሰዓት የለህም?”
“አለኝ፤ እሱንም አስገብቻለሁ፤
ከሥር ተመልከቺ፣ ከነማሰሪያው ጽፌያለሁ።”

“የድመት ምግብስ?” “ዘበኛ ናት፤ መጋዘኔ ውስጥ ታድራለች፤
ደሞዝ ጠይቃ አታውቅም፤ ዓሣ ካጣች ግን ታድማለች።”
“የሠርግ ስጦታ፣ አራት መቶ ሰቅል?” “አዳራሹ ሙሉ ሰው ነበር፤
ሁሉም ቤት ወለል አለው፤ ሌሊቱን ያወራሁት ስለ ወለል ነው፣ በምር።”
“ሎተሪስ?”
“እሱ ጡረታዬ ነው።”

ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁት፤
ሁለት ሴራሚክ ተነቅሏል፤ ዋጋውን በልቤ ገመትኩት።

ከሁሉም ሥር አንድ ወረቀት፣ በእርሳስ ብቻ የጻፍኩት፣
“ጉልበት” ይላል፤ ቁጥር የለውም፤ ቦታውን ክፍት የተውኩት።
“የቀን ሠራተኛ ነው?” አለች። “አይ፣ የራሴ ነው፤ የግራው፤
ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሸለቆ ወለል ሳነጥፍ ያለቀው።
ያን ያህል ለጸሎት ብንበረከክ ይኼኔ ጻድቅ በተባልኩ፤
እኔ ግን ተንበርክኬ ሁሉ ካሬ ሜትር ስቆጥር ኖርኩ።
መኪናዬ በየዓመቱ ይታሰብለታል የእርጅና፤
ጉልበቴ ከመኪና ያንሳል? እስቲ ንገሪኝ ጋሊና።”

“ደረሰኝ አለህ?” አለች።
“ደረሰብኝ እንጂ” አልኳት።

ዝም። ኮምፒዩተሯ ብቻ እንደ ታማሚ ያቃስታል፤
እጇ ግን ለማስረጃ ካመጣሁት ከረጢት ገብቶ ይወጣል።
ትፈለፍላለች፣ ትሰርዛለች፤ ሰዓቴን፣ ማሰሪያውን ሰረዘች፤
ሠርጉን፣ ሎተሪውን፣ ጉልበቴን፤ ድመቷ ጋ ስትደርስ ቆመች፣
ትንሽ አሰበችና
አለፈች።

የድካሟን ከፈልኩ፤ ደረሰኝ ቆርጣ ሰጠችኝ፤
“ያለ ምንም ጥያቄ የሚቀነሰው ይኼ ነው” አለችኝ።
በግራ እግሬ እያነከስኩ ደረጃው አፍ ላይ ስደርስ፣
“ስንሻው!” አለች ከኋላዬ፣ “ይቺ የተነቀለችው ሴራሚክስ?”

“እሁድ እመጣለሁ” አልኩ፤ “እስኪደርቅ ግን አንድ ኪሎ
በአንቺ ሂሳብ ነው።” ከታች ሸተተኝ የሱፍ ቆሎ።