የሁለት ሰዓት ዜና

ምሽት ሁለት ሰዓት፣ ማራኪ ሰፈር ውስጥ፣
አባዬ ሶፋው ላይ ለዜና ሲቀመጥ፣
ሳል እንኳ ክልክል ነው፤ ማንኪያ አያቃጭልም፤
እሱ ካልፈቀደ ዓለም አይጀምርም።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማዘጋጃ ቤት ሠርቶ፣
የሰው አጥር ለክቶ፣ የሰው መዝገብ አይቶ፣
ጡረታ ቢወጣም ልማዱ አለቀቀው፤
ዛሬ ዜና አንባቢውን ነው የሚያርመው።
«ቁጥሩን ድገምልኝ! ማን ቆጠረው እሱን?»
«ከረባቱን ተወው፣ ንገረን ዋጋውን!»
አንባቢው አይሰማም፣ ፈገግ ብሎ ያልፋል፤
አባዬ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አየሽው? መልስ አጥቷል።»

እማዬ ከጥግ ሆና ምስር ትለቅማለች፤
ከዜናው ጠጠሩን እሷ ታወጣለች።

ትናንት ሰውየው «በሌላ ዜና ደግሞ» እንዳለ፣
መብራት ድርግም አለ።
አራዳም ጠፋብን፣ ግንቡም ጠፋ አብሮ፤
ንጉሥም እንደ እኛ ሻማ ሊፈልግ ነው ዘንድሮ።
አባዬ በጨለማ ሪሞቱን ቢጫነው፣ ቢጫነው፣
«ኧረ ሌላው ዜና፣ ሌላው ምንድን ነው?»

ያን ጊዜ ኤልዳና፣ ገና ዘጠኝ ዓመቷ፣
የወጥ ጭልፋ ሆነ ማይክሮፎን ለእሷ፤
ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ድምጿን አወፍራ፣
«ጤና ይስጥልን» አለች በጨለማው ስፍራ።

«አሥራ ሰባት ቀናት ጠፍቶ የነበረው ውሃ
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ፤
በርሜሉ ሳይሞላ እንዳመጣጡ ወጣ።
የቤቱ ቃል አቀባይ ወይዘሮ ፈንታነሽ
በሰጡት መግለጫ፣ ‹ጀሪካን ያልደረደርሽ
አንቺ ነሽ› ብለዋል።» (ተጠርጣሪዋ እኔ።)
«በኢኮኖሚ ዜና፣ እንቁላል ጨመረ፤
የጎረቤት ዶሮም መኩራት ጀመረ።
ከጉንዳኖች በኩል ጥቆማ ደርሶን፣
ስኳር ቁም ሳጥን ውስጥ ተደብቆ አገኘን።
አባባ ትናንት ሌሊት አራት ሰዓት አንኮራፉ፤
ከአደጋው ሦስት ሰዎች ለጥቂት ተረፉ።»

ሳቅን። ሆዳችንን ይዘን፣ ፊታችን ሳይታይ።
አባዬም፣ «ውሸት ነው! ምንጭሽን ጥቀሽ!» ይላል፣
ግን ሶፋው በሳቁ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል።

«በመጨረሻም» አለች፣ ድምጿ ትንሽ ከስቶ፣
«ይርሳው ወንድማችን ወደ መተማ ወጥቶ፣
‹ሰሊጥ ጭኜ በሳምንት ከች እላለሁ› ብሎን…
መንገዱ ተዘጋ አሉ። ስልኩም አይሠራም።
እዚያ ዘጋቢ የለንም።
ምንም አልሰማንም።»

ጭልፋዋ ወረደች።
ሰፌዱ ላይ ምስር ኮሽ አለ፣ ደግሞ ኮሽ።
ይቺ ሴት በጨለማም ትለቅማለች ለካ፣
ጠጠሩን በጣቷ ነካ፣ ነካ፣ ነካ።

«ወሬ ረዘመብኝ» አለች በቀስታ።
አባዬ ስለ ዜናው የምታወራ መስሎት፣
«በቃ ልጄ፣ አሳጥሪ፣ እናትሽን ደከማት።»
እኔ ግን ሰማኋት።
የእሷ ወሬ ወር ነው፤ ቀን በቀን ቆጥራው፣
ዛሬ ነው ሠላሳ የሞላው።
ስሙን ይርሳው ብላ ያወጣች እሷ ነች፤
እሱ ረስቶ ይሆናል፣ እሷ ግን አልቻለች።

መብራት መጣ። ዜናው አልፎ የአየር ጠባይ ላይ ደርሷል፤
ሌላ ሰው ካርታ ፊት እጁን ያወዛውዛል፤
«ጎንደር ሃያ አምስት፣ መተማ ሠላሳ ስምንት።»
አባዬ ቁጥር ሰምቶ ዝም አለ በዚያች ምሽት።
እማዬ ሰፌዷን አስቀምጣ ተነሣች፤
ቴሌቪዥኑ ድረስ ሄዳ ያቺን ነጥብ ነካች።
«ኮፍያውን» አለች፣ «እኮ ረስቶ ነው የሄደው።»

ጠዋት ስነሣ፣ ከበርሜሉ ትንሽ ውሃ ጎድሎ፣
ኮፍያው ገመድ ላይ ይደርቃል ተንጠልጥሎ።