ውሃ ቢወቅጡት

«ውሃ ቢወቅጡት፣ መልሶ እምቦጭ»
ያለ ሰው አላየም ውሃን ሲሆን ወቃጭ።
እኔ ግን አየሁት፤ ላንክሻየር ሜዳ ላይ፣
ቶርንቤክ መንደር ጥግ፣ ካፊያ ከማያጣው ሰማይ።
ቁልቁል ሁለት ሺህ ሜትር ብረት ሰድደው፣
ከዚያ እንደ ክንድ አጥፈው አግድም አስኪደው፣
ቧንቧውን በሲሚንቶ ዙሪያውን አሽገው፣
ጫፉን በፈንጂ እንደ ወንፊት አድርገው፣
ገፉት ውሃውን።

ውሃና አሸዋ፣ ደግሞም ጥቂት ኬሚካል፤
«እንዳይፋተግ ነው፣ እንዲያሟልጭ» ይላል
ፈርጉስ ያበርዲኑ፣ የፓምፖቹ ጌታ፤
ሞተር ሲያጓራ እንኳ ድምጹ የማይረታ።

ድንጋዩ ጭቃ ነው፣ የጥንት ባሕር ጭቃ፣
ሦስት መቶ ሚሊዮን ዓመት ተኝቶ ያልነቃ።
ቅጠልም ትላትልም ሆዱ ገብቶ ሲቀር፣
ጋዝ ሆነ ቀስ ብሎ፤ ጋዙም ሆነ ምሥጢር።
«ሆድ ይፍጀው» ብሎ ነው የኖረው ድንጋዩ፤
አፍ አልተፈጠረለት ሊነገር ጉዳዩ።

አፍ አበጀንለት። አንድ አይደለም፣ አእላፍ፤
ፀጉር የማያሾልክ፣ ቀጭን የስንጥቅ አፍ።
አሸዋው ይገባል፣ በር እንደሚያቆም ሰው፤
ውሃው ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ስንጥቁ
እንዳይገጥም ዳግም፤ ይህ ነው ረቂቁ።
ውሃውም ይመጣል፣ ግን ያው አይደለም፤
ጨው ጠጥቶ ወጥቷል፤ ላም አትጠጣውም።
በታንከር ይጫናል፤ በጠባቡ መንገድ
የሰው አጥር እየገጨ ወዲያ ማዶ ሲሄድ
ሌሊት እሰማለሁ።

የኔ ሥራ ሌላ ነው፤ ኮንቴይነር ውስጥ
ስክሪን ፊት መቀመጥ፣ ምድርን ማዳመጥ።
ትንንሽ ጆሮዎች ከየማሳው ቀብረን፣
ሳሏን፣ ንጥሻዋን፣ በቁጥር ሰፍረን፣
አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ መብራት እንላለን፤
ዜሮ ነጥብ አምስት ካለፈ፣ እንቆማለን።

ወይዘሮ ሂልዳ ሮክሊፍ፣ አርባ ላም አላቢ፣
ጠዋት ካጥሩ ማዶ፣ ጎረቤት፣ ታዛቢ፣
«ማታ ያነቃነቀኝ እናንተ ናችሁ፣ ወይስ
ዴዚ ናት ግድግዳ ስትታከክ?» ትላለች። እኔስ
ምን ልበል? «ዴዚ ናት» እላለሁ፤ ትስቃለች።
የእናቷ ሳህን ግን ቁምሳጥን ውስጥ ተሰንጥቃለች።

ጥቅምት፣ ማክሰኞ ሌሊት፣ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ፣
መስመሩ ሽቅብ ዘለለ ስክሪኑ ላይ።
ዜሮ ነጥብ አራት። ቢጫ። ለፈርጉስ ደወልኩ፤
«ቀስ በል» አልኩት። ቀስ አለ። ተንፈስ አልኩ።
ፓምፑ ቆሞ፣ ሁሉም እፎይ ብሎ እያለ፣
አንድ ነጥብ ሦስት! ብርጭቆዬ ዘለለ።
ውሃው ካርታ በማያውቀው ስብራት ሾልኮ ኖሯል፤
የተረሳ ቂም ነክቶ ከእንቅልፉ አስነስቷል።
ወቃጩ ውሃ ነው፤ እምቦጭ ያለችው ምድር፤
ስክሪኑ ላይ ቀለም፣ እግሬ ሥር ግን ነገር።

ቀይ። ሕጉ ሕግ ነው። ዝምታው አስፈሪ።
ፈርጉስ ቆቡን ጥሎ፣ «ማነው ይሄ ፈሪ
ሕጉን ያወጣው!» አለ። እኔ ካፊያ ውስጥ ወጣሁ፤
የሂልዳ መስኮት በርቷል፤ አጥሩን ዘልዬ መጣሁ።

ከነፒጃማዋ፣ የወንድ ካፖርት ደርባ፣
«ዛሬ ዴዚ አይደለችም» አለችኝ። «ግባ።»

ገባሁ። ስብርባሪው ወለል ላይ ተበትኗል፤
መጥረጊያው በር ጥግ እንደቆመ ቀርቷል።
ማንቆርቆሪያ ጣደች። ክብሪት ጫረች። ቦፍ አለ
ሰማያዊው እሳት፤ ዳር ዳሩ ዋለለ።
ያም ጋዝ ነው። ከየት እንደመጣ አልጠየቅኋት፤
እሷም አልጠየቀችኝ፣ ምን ሰማህ ብላ ከመሬት።

ውሃው ሲፈላ፣ ክዳኑ ተንቀጠቀጠ፤
የሁለታችንም ዓይን ወለል ላይ ፈጠጠ።