ይጠብቃል

ማክሰኞና ዓርብ የበርበሬ ቀን ነው፤
ጤፉ ሰኞ ያልቃል፣ ሽሮው ሐሙስ ያድራል፣
ማክሰኞና ዓርብ ግን ድንጋዩ ይቀላል።
ወፍጮዬ ያለችው አዳማ ነው፣ ከጎሚስታው ጀርባ፣
የጅቡቲ መኪና ጎማ ከሚያስጠግንበት።
ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ያስነጥሳል፤
አንዱን ይማርህ ስትል ሌላው ይቀጥላል።
እኔም "ይማራችሁ!" ብዬ
ጠዋት አንዴ ለሁሉም እገላገላለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ስስቅ ኖርኩ።
በሃያ ሦስተኛው ሳቁ ደረቴ ውስጥ ቀረ።

መጀመሪያ ሳል ነበረች፣ ቀጭን፣
እንደ ድመት ሌሊት የምትቧጭር።
ኋላ ፉጨት ሆነች።
ባለቤቴ ጫልቱ "ማነው በዚህ ሰዓት የሚያፏጨው?" ብላ
ተነስታ መስኮት ከፈተች።
እኔ ነበርኩ።

ልጃችን ሌንሴ ሕክምና ትማራለች፣ ሦስተኛ ዓመት።
መብራት በሄደበት ማታ፣ በስልኳ ብርሃን፣
የዱቤ ደብተሬን ከጀርባው ገልጣ
ዛፍ ሳለችልኝ፣ ተዘቅዝቆ የበቀለ፤
ግንዱ ጉሮሮ፣ ቅርንጫፉ ሳንባ።
"ይሄ ክር ነርቭ ነው" አለች፣ "ጫፉ ላይ በር አለ፤
ከአቧራ ቅንጣት ያነሰ፣ ደህና ቀን የተዘጋ።
ትኩስ ነገር ሲነካው ይከፈታል።
በርበሬም ሲነካው ያው በር ይከፈታል።
ካልሲየም ይገባል፣ ሶዲየም ይገባል፣
ኤሌክትሪኩ ይነሳል።
አባዬ፣ ያ በር እሳትና በርበሬን አይለይም።"

"ታዲያ ‹ያቃጥላል› ስንል የኖርነው
ምላሳችን ሳይማር አውቆት ነበራ!"
ሳቀች። እኔም ልስቅ ስል ፉጨቱ ቀደመኝ።

"ወሬው በረጅሙ ገመድ ወደ አንጎል ይወጣል፣
እሳት ገባ! ብሎ።
ትእዛዝ ይወርዳል፣ አጥብቡ!
ቧንቧውን የከበበው ጡንቻ እንደ ቀበቶ ይሰበሰባል፣
አክታው ይሞላል።
ክፋት አይደለም፤ አንተን ብሎ ነው።"
ከሥዕሉ ሥርም አንድ ቃል ጻፈች፦
ይጠብቃል።

ጠብቆ ሲነበብ ዘበኛ ነው።
ላልቶ ሲነበብ ማነቆ።
ሌሊቱን ሙሉ ቃሉን ሳጠብቀው ሳላላው፣
ትዝ ያለኝ በድሮው ሰፈር የነበረው ዘበኛ፣ ጋሽ ዱጉማ፤
አንድ ሌሊት ሌባ መጣ ብሎ
በራችንን በውጭ ቆልፎ፣ ቁልፉን በኪሱ ይዞ፣
ጥላ ሲያባርር ያነጋው።
እኛ ከውስጥ ከሰል አንድደን ነበር።
ደግ ሰው ነበር፣ ጋሽ ዱጉማ።

ግን እሱን ማን አስደነገጠው?
በየማክሰኞው፣ በየዓርቡ፣ ሃያ ሁለት ዓመት
"እሳት!" ያስባልኩት እኔ አይደለሁም?
"ነርቩ ደንጋጭ ሆኗል" ትላለች ሌንሴ፣
"አሁን አቧራውም፣ የንጋቱ ብርድም፣
የሳሙና ሽታም፣ ሳቅም ይበቃዋል።"

ከኮረብታው ላይ ነጫጮቹ መዘውሮች
የአዳማን ነፋስ ያርሱታል፤
ነፋሱ መብራት ይሆናል፣
መብራቱ ወፍጮዬን ያዞራል፣
ወፍጮዬ በርበሬውን፣
በርበሬው ያችን በር፤
ከዚያ ሁሉ ነፋስ
ለእኔ አንድ ጉርሻ ጠፋ።

ሰማያዊዋን መንፊያ ሌንሴ አፌ ላይ ትይዛለች።
ሳብ። ያዝ።
በእናቷ ቋንቋ ትቆጥርልኛለች፦ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ...
ስድስት ላይ ዓይኖቿ ውስጥ ፍርሃት አየሁ፣
ዘጠኝ ላይ ጡንቻው፣ እንደ ተቆጣ ሰው እያጉረመረመ፣
ቀስ ብሎ ለቀቀኝ።

ማክሰኞ ነው ዛሬ።
እትዬ ዘርትሁን ማዳበሪያ ሙሉ በርበሬ ይዘው ቆመዋል።
እኔ ከሚዛኑ ጋር ደጅ ተቀምጫለሁ፤
ከውስጥ፣ ከቀዩ ጉም መሀል፣
የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ረዳቴ ቶሌራ አስነጠሰ።

ይማርህ አልኩት።
ለብቻው።
ከዚያ ተነስቼ ማብሪያውን አጠፋሁ።